ገብስ የማይበላ ፈረስ

ፈረስ ሳይኖረው ለፈረስ ልብስ የሚሰፋ ሰው በዳንግላ አንድ ብቻ ነበር፤ እንየው። ሱቁ ከገበያው በላይ ባሕር ዛፎቹ ሥር ያለች ጠባብ የቆርቆሮ ክፍል ናት። የስፌት መኪናው በሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከኋላው ግድግዳው ላይ ቀይ፣ አረንጓዴና ወርቃማ ግላሶች ይሰቀላሉ። በበዓል ቀን ከሩቅ አቧራ ሲነሣ፣ የጋላቢው ፊት ሳይለይ የፈረሱ ግላስ ይለያል። እንየው ያን ጊዜ ዓይኑን አጥብቦ «የኔ መርፌ ናት» ይላል። ስሙን አይደለም የሚጠራው፤ መርፌውን ነው።

የራሱ ፈረስ ዳማ ከሁለት ዓመት በፊት በክረምት አንገቱ አብጦ በሦስት ቀን ሞተ። በሰፈሩ የጊዮርጊስ ፈረሰኞች ማኅበር ደንብ ፈረስ የሞተበትን ሰው አንድ ዓመት ይታገሡታል፤ በዓመቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። እንየው በዓመቱ ይዞ የቀረበው ብስክሌት ነው።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ጨርቅ ሊገዛ ባሕር ዳር ወርዶ ሳለ አንድ ሰው ሁለት እግሩን ከመሬት አንሥቶ፣ በሐይቁ ዳር፣ እንደ ወፍ ድምፅ ሳያሰማ ሲያልፍ አየ። ቆሞ ቀረ። እንየው ከልጅነቱ ጀምሮ እግሩ ፔዳል ሲረግጥ የኖረ ሰው ነው። በስፌት መኪናው ላይ ከጠዋት እስከ ማታ የረገጠው ቢቀጠል ኢየሩሳሌም ደርሶ ይመለስ ነበር፤ ሆኖም አንድ ቀን እንኳ ከወንበሩ ፈቀቅ አላደረገውም። እዚህ ግን አንድ ሰው እንደሱ ይረግጣል፣ ይሄዳልም! በወሩ በሬ ሸጦ አሮጌ ብስክሌት ገዛ። በሬው ሚስቱ የሻረግ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ የሻረግ ከእሱ ጋር የምትነጋገረው ለጠብ ብቻ ሆነ።

በሃምሳ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ታኅሣሥ ሃያ ሦስት ቀን፣ ማኅበሩ በባላምባራስ ወርቅአየሁ ግቢ ተሰበሰበ። ባላምባራስ የማኅበሩ አለቃ ናቸው፤ ከእንየው አባት ጋር አብረው የጋለቡ፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሽማግሌ። የዚያን ቀን ድምፃቸው ለመስማት አንገት ያስቀልስ ነበር።

«እንየው፣ ዓመቱ አለፈ። ሁለተኛውም እያለቀ ነው። ፈረስህ የታለ?»

«ውጭ አቁሜዋለሁ፣ ባላምባራስ።»

«ያ ፈረስ ነው?»

«ይሄዳል። ያደርሳል።»

«አይነክስም፣ አይራገጥም፣» አለ ውቤ ከጥግ። ውቤ በሰፈሩ እሱን የሚቀድም የሌለ ወጣት ጋላቢ ነው፤ ምላሱም እንደ ፈረሱ። «ልጓም እንኳ አይፈልግም። አያ እንየው፣ ለመሆኑ በቀን ስንት ቁና ገብስ ትሰጠዋለህ?»

ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። እንየው ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀና «ገብስ አይበላም። ካንተ ፈረስ የሚሻለው በዚህ ነው» አለ።

ይህን ባይል ይሻለው ነበር። ሳቁ ባንዴ ደረቀ።

ባላምባራስ ተነሥተው ከምሰሶው ላይ የማኅበሩን አለንጋ አወረዱ። በየዓመቱ ከጥር ሃያ ሦስቱ በዓል በፊት አንድ አባል ያንን አለንጋ በአንገቱ አንጠልጥሎ አዲስ ቅዳም፣ እንጅባራ፣ ግምጃ ቤትና አዘና ላሉት ወንድም ማኅበሮች ጥሪ ያደርሳል። የየአገሩ አለቃ መድረሱን ለመመስከር በአለንጋው እጀታ ላይ የራሱን ቀለም ክር ያስራል። ጥሪ አድርሶ ለተመለሰ ፈረስ ባላምባራስ ራሳቸው ከጋቢያቸው ጫፍ ገብስ ያፈሱለታል። ያ ገብስ የማኅበሩ ማኅተም ነው፤ የበላ ፈረስ ከነጌታው የማኅበሩ ነው።

«ዘንድሮ ጥሪውን አንተ ታደርሳለህ፣» አሉ።

«እሺ። በመኪናው መንገድ ከሄድኩ...»

«በመኪናው መንገድ አይደለም! ጥሪ በመኪና መንገድ ሄዶ አያውቅም። በየመንደሩ ያለ ሰው አለንጋውን ማየት አለበት። ጥር ዐሥራ ሰባት ወጥተህ በሃያ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ትገባለህ። አራት ክር ካመጣህ ብረትህ ከፈረስ ይቆጠራል። ካላመጣህ ከማኅበሩ ወጥተሃል።» ድምፃቸው ይብሱን ዝቅ አለ። «ያን ጊዜ ለእናትህም ቀብር አንዲት ኮቴ አትረግጥም።»

የእንየው እናት እሜቴ ደጊቱ ከመስከረም ጀምሮ አልጋ ላይ ናቸው። ባላቸው ሲቀበር ሰማንያ ፈረስ መሬቱን እንዳንቀጠቀጠው ዛሬም ይናገራሉ፤ ለራሳቸው አርባ ቢሆን እንደሚበቃቸው ደጋግመው ነግረውታል። ማታ ወሬው ሲደርሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«እኔን ታዲያ ማን ሊያጅበኝ ነው? ያ የብረትህ ደወል? ቅጭል ቅጭል እያለ?»

«አመጣዋለሁ፣ እማዬ። አራቱንም ክር።»

«አባትህ ይህን ሳያይ መሞቱ በጀው» አሉ።

በማግሥቱ እንየው አንድ ክንድ አቡጀዴ ቀደደና ጉዞውን መስፋት ጀመረ። በወረቀት ላይ መንገድ መሣል አያውቅም፤ በመርፌ ግን ያላወቀው ነገር የለም። አምስት የሸሚዝ ቁልፍ ተከለ፤ አንዱ ዳንግላ፣ አራቱ ጥሪ የሚደርስባቸው አገሮች። ወንዞቹን በሰማያዊ ክር አወረዳቸው። መንገዱን በቀይ ክር ከቁልፍ ቁልፍ እየጠየቀ ሊሰፋው ነው። አገር ምድሩ በጉልበቱ ላይ ተዘርግቶ፣ ሜዳው በአንድ እጥፋት፣ ተራራው በሌላ እጥፋት ገብቶ ሲያየው ራሱም ተደነቀ። አዘና ከዳንግላ ሁለት ስንዝር ብቻ ትርቃለች!

መጠየቁ ግን ቀላል አልሆነም። ከበዓሉ በፊት ሱቁ በፈረሰኞች የሚጨናነቅበት ወቅት ነበር፤ ዘንድሮ ግን የሚመጡት ግላሳቸውን ሊያሰፉ ሳይሆን ሊወስዱ ነው። አንዱ ግማሹ ያልተጠለፈ ግላሱን ከግድግዳው ነጥቆ «መርፌህም ዝጓል» ብሎት ወጣ። ውቤ ደግሞ ግላሱን መርፌው እንደተሰካበት ጠቅልሎ በብብቱ ይዞት ሄደ። አፉን የፈታለት አንድ ሽማግሌ ብቻ ነበር፤ እሱም ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ፣ ለሌላ ሰው እንደሚናገር ሆኖ ነው። ከዳንግላ በምዕራብ በኩል የመስኩን ዳር መያዝ፤ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ምንጩ ጋ ማረፍ፤ ከእንጅባራ በታች ለምለሙን ጨፌ ማቋረጥ። እንየው የሰማውን ሁሉ በቀይ ሰፋው፤ ምንጭና ግጦሽ ያለበትን በአረንጓዴ ቋጠረው። እሱም የፈረሰኛ ልጅ ነውና መንገዱ ደስ አለው። አባቱም በዚሁ ነበር የሚሄደው።

ስንቁንም አዘጋጀ። የጎማ መንፊያ፣ ማስቲሽ፣ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ የተቆረጡ ልጣፊዎች፣ አንድ ትርፍ ካላማዳሪያ፣ ጠፍር፣ በሶ፣ እንዲሁም አንድ ስልቻ። ማደሪያው ግን አስቸገረው። እንጅባራ አጎት አለው፤ ግምጃ ቤትና አዘና ያሉት የሻረግ ዘመዶች ናቸው።

«ለወንድምሽ አሳድረኝ ብዬ ልላክበትና...»

«ከኔ ዘመድ ቤት ብረት ይዘህ እንዳትገባ፣» አለችው የሻረግ፤ ከማድጋው ውኃ እየቀዳች፣ ቀና ሳትል። «የሸጥከው የአባታቸውን በሬ ነው። በሬውን አምጣና እደር።»

ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ጥር ዐሥራ ሦስት፣ እንየው መንገዱን ሊሞክር ብስክሌቱን ከነስንቁ ጭኖ ወጣ። ቀይ ክሩ እንደሚለው ከከተማው ምዕራብ ወደ መስኩ ገባ። ሣሩ ላይ ጤዛ ነበር፤ ቁራዎች ከላሞቹ መሃል ይዘላሉ። መቶ እርምጃ ያህል እንደ ሐር ሄደለት። ከዚያ የፊተኛው ጎማ ትንፋሽ እንደሚስብ ሰው «እስስ» አለና ሰመጠ። ወርዶ ጎተተው፤ የኋለኛው ሰመጠ። ጥቁሩ ጭቃ ከካቴናው ገብቶ ከጎማው ሽቦዎች መሃል እንደ ሊጥ ተጋገረ። እንየው እስከ ጉልበቱ ቆሞ ዙሪያውን አየ። መሬቱ ያው የሚያውቀው መሬት ነው፤ ዳማ ሺህ ጊዜ የጋለበበት። ኮቴ የሚወድደው፣ ኮቴ የማይሰነጥቅ፣ ለስላሳ መሬት።

ኮቴ ሰማ። ውቤ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይጋልባል።

«አያ እንየው! ፈረስህ ምን ሆነ?»

«ጠምቶት ነው እንጂ! እየው፣ ውኃ እየጠጣ!»

«አታስጨንቁት፣ ጠጥቶ ይጨርስ!»

በሽምጥ ዞሩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ኮቴው የሚረጨው ጭቃ ፊቱን መታው። ውቤ ከፈረሱ ሳይወርድ ጎንበስ ብሎ አንድ ጭብጥ ሣር ነጨና በብስክሌቱ መሪ ላይ አስቀመጠለት። «ይብላ። በኔ ነው» አለና ሄደ። እንየው ብስክሌቱን በትከሻው ተሸክሞ ወደ ከተማ ተመለሰ። ገበያው ሞልቷል። ሰው ሊሸከም የተሠራ ነገር ሰው ላይ ተቀምጦ በገበያው መሃል ሲያልፍ ድፍን ዳንግላ አየ።

የሻረግ ደጁ ላይ ቆማ ጠበቀችው። እንደሌላው አልሳቀችም፤ ያ ይብሳል። ብስክሌቱን ግድግዳው ላይ ሲያስደግፍ አቡጀዴው ከኪሱ ወደቀ። አንሥታ በብርሃን ዘረጋችው። አገላብጣ አየችው።

«ይኼ አረንጓዴ ቋጠሮ ምንድን ነው?»

«ምንጭ።»

«ይኼስ?»

«መስክ። ሣሩ ጥሩ ነው አሉ።»

«ለማን?»

እንየው አቡጀዴውን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ።

«ለማን ነው ሣሩ ጥሩ የሆነ? ብረትህ ይግጣል? ምንጩ ጋ ውኃ ልታጠጣው ነው?» በእግሯ ከኋላ የተንጠለጠለውን ስልቻ መታችው። አፉ ተፈታና ፍሬው መሬቱ ላይ ፈሰሰ። «ይኼስ ምንድን ነው?»

ገብስ ነበር። ሁለት ቁና ገብስ፤ ተነፍቶ፣ ከድንጋይ ተለቅሞ።

እንየው ፍሬውን ትክ ብሎ አየ። እጁ መቼ እንደሰፈረው አያስታውስም። በማኅበሩ ፊት «ገብስ አይበላም» ብሎ የተኩራራው እሱ ነው፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ግን ቀን ቀን በመርፌው፣ ማታ ማታ በሐሳቡ፣ ያሰበው ሁሉ ለዳማ ነበር። የት እንደሚጠጣ፣ የት እንደሚግጥ፣ ኮቴው የት እንዳይጎዳ። ጉዞው የሞተ ፈረስ ጉዞ ነበር። ገብሱ አጠገብ ተቀመጠ።

የሻረግ አላዘነችለትም። «በሬዬን ሸጠህ ለሞተ ፈረስ መንገድ ትሰፋለህ» አለች። ከዚያ ቁጭ ብላ ቀዩን ክር በጥርሷ በጠሰችው። ከዳር እስከ ዳር መዘዘችውና ጣለችው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ነጭ ክር አምጣ።»

የሻረግ የአዘና ልጅ ናት። ከማግባቷ በፊት ስድስት ዓመት በርበሬና ጨው በጀርባዋ አዝላ ከአዘና ግምጃ ቤት፣ ከግምጃ ቤት እንጅባራ፣ እስከ አዲስ ቅዳም ቅዳሜ ገበያ ድረስ ተመላልሳለች። ይህን እንየው ያውቃል፤ እንደ መንገድ ግን አስቦት አያውቅም። የሴት ሸክም መንገድ ነው፤ ፈረሰኛ ቀና ብሎ የማያየው።

«ሸክም ያለበት ሰው መስክ አይረግጥም፣» አለች፤ እየሰፋች። ስፌቷ ጠማማ ነው፤ መንገዱም እንደዚያው። «ጀርባው ይነግረዋል። ጉብታ ጉብታውን፣ ጠጠሩን ነው የሚይዝ። ይረዝማል፤ ግን አይሰምጥም። ይኸውልህ። ከእንጅባራ ጎሕ ሲቀድ ውጣ፤ ውርጩ ሳይለቅ ጨፌውን እለፈው። ውርጭ ጭቃውን ድንጋይ ያደርገዋል። ፀሐይ ከወጣች ያው ጭቃ ነው፣ እንደ ዛሬ ታዝለዋለህ። እዚህ ጋ ቁልቁለት አለ፤ ተቀምጠህ እንዳትወርድ። ብትሰበር አልሸከምህም።»

«ይኼ ጋ ለምን ዞርሽ?»

«ቀጋ አለ። እሾሁ የኔን እግር ያውቀዋል።» ክሩን ቋጠረች። «ግምጃ ቤት አክስቴ ውዴ ዘንድ ታድራለህ። እልክባታለሁ። ስለወደድኩህ እንዳይመስልህ። እናትህ ሁለቱን ልጆቼን አዋልዳኛለች። ኮቴ ትሰማ ብዬ ነው።»

በቀሩት ሦስት ቀናት እንየው እቅዱን ከሥሩ ነቀለው። ስልቻውን አወረደ። ማስቲሹንና መርፌዎቹን በአንድ አንጓ ቀርከሃ ውስጥ ከትቶ ከብረቱ ጋር አሰረው። ቀኑን በምንጭ ሳይሆን በጠጠርና በውርጭ ከፈለው። ነጩን ክር በጣቱ እየዳሰሰ ዓይኑን ጨፍኖ እስኪሄድበት ድረስ አጠናው።

ጥር ዐሥራ ሰባት ጠዋት ባላምባራስ አለንጋውን አንገቱ ላይ አኖሩና ለመንገደኛ የሚሰጠውን ምርቃት ሳይሰጡ ጀርባቸውን አዞሩ። እንየው ሳይመረቅ ወጣ።

መንገዱ የሻረግ እንዳለችው ነበር፤ ደግነት የሌለው፣ የማይሰምጥ። በየመንደሩ ውሻ ተከተለው። አንዲት አሮጊት አማትበው በራቸውን ዘጉበት፤ እረኞች በአውኚ ቋንቋ እየጮኹ ጠጠር ወረወሩበት። የአዲስ ቅዳሙ አለቃ ክሩን ያሰረው ብስክሌቱን ላለማየት ሰማይ ሰማይ እያየ ነው። ከእንጅባራ በታች ያለው ጨፌ ግን፣ በጎሕ፣ ውርጩ ነጭ ሆኖ ተነጥፎበት፣ ከጎማው ሥር እንደ መስተዋት እየተሰበረ አሳለፈው። እንየው በዚያች አጭር ሰዓት ብርዱንም ጠላቶቹንም ረሳ፤ ከመሬት በላይ ነበር። ወዲያው ፀሐይ ወጣችና ከኋላው ያለው መንገድ ሁሉ ጭቃ ሆነ። አዘና ላይ የሻረግ ወንድም አበረ ብስክሌቱን ዞሮ ዞሮ አየና «እህቴን ያደኸየ ብረት ይኼ ነው?» አለ፤ ጥጆቹ አጠገብ አነጠፈለት። በማግሥቱ የአዘናው አለቃ አራተኛውን ክር አሰረለት። ሦስት ጊዜ ጎማው ተበስቷል፤ ሦስት ጊዜ ለጥፏል።

በዚያው በአራተኛው ቀን ከዳንግላ በላይ ካለው ጉብታ ሲደርስ ፀሐይዋ ሁለት ክንድ ቀርቷታል። ከታች መስኩ በቀጥታ ወደ ባላምባራስ ግቢ ይወስዳል፤ ውቤ መሃሉ ላይ በፈረሱ ቆሞ «በዚህ ና! ቅርብ ነው!» እያለ እጁን ያወዛውዛል። ጉብታው ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው። እንየው ነጩን ክር ዳሰሰና ዙሪያውን ያዘ።

ግቢው ሲገባ ብርሃኑ የጎጆዎቹ ጫፍ ላይ ነበር። ባላምባራስ ክሮቹን በጣታቸው ሁለት ጊዜ ቆጠሩ። ውቤ ደርሶ «በመኪናው መንገድ እንዳልሄደ በምን ይታወቃል?» አለ።

ባላምባራስ በዝግታ ጎንበስ አሉ። ከሽቦዎቹ መሃል የደረቀ ጭቃ ፈቀፈቁ፤ ጥቁር፣ ከሥሩ ደግሞ የአዘና ቀይ። ከጎማው ላይ አንድ እሾህ ነቀሉና ለውቤ ሰጡት።

«የመኪና መንገድ ቀጋ አያበቅልም።»

ባላምባራስ ወደ ቤት ገብተው በጋቢያቸው ጫፍ ገብስ ይዘው ወጡ። ፊታቸው እንደ ተቆጣ ነው። ከፊተኛው ጎማ ሥር አፈሰሱትና «ይብላ» አሉ፤ ለመስማት አንገት በሚያስቀልስ ድምፅ። ከዚያ አለንጋውን ከእንየው አንገት ተቀብለው ገቡ። ዶሮዎች ከየጥጉ ሮጠው መጥተው ገብሱን ከበቡት።

ውቤ ምራቁን ተፋ። ከብብቱ መርፌው የተሰካበትን ግላስ አውጥቶ እንየው ላይ ወረወረበት። «ለሃያ ሦስት እንዲደርስ!»

እንየው ቤት ሲገባ የሻረግ ብስክሌቱን አይታ መንገድ ለቀቀችለት። እናቱ ከግድግዳው ፊታቸውን ሳይመልሱ ጠየቁ።

«በላ?»

«ዶሮዎቹ በሉለት፣ እማዬ።»

እሜቴ ደጊቱ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሳቡ።

«ማን በላው ብዬ አልጠየቅሁህም። ፈሰሰለት?»

«ፈሰሰለት።»

«እንግዲያው አርባውን ፈረስ ንገራቸው፣» አሉ። «ያን ደወል ግን ፍታው። በኔ ቀን እንዳልሰማው።»